ወደ ኦጋሳዋራ ደሴቶች መሄድ ላማራችሁ፦ ከቪዛ እስከ መርከብ ወለል

ወደ ኦጋሳዋራ የሚበር አውሮፕላን የለም። ከዚህ እንጀምር፣ የቀረው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ። ደሴቶቹ ከቶኪዮ ወደ ደቡብ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ተበትነዋል። ከ30 በላይ ናቸው። ተራ ነዋሪ ያለባቸው ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ 2000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ቺቺጂማ፣ ከሷ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ደግሞ 450 ገደማ ሰው ያለባት ሃሃጂማ። መሄጃው አንድ መርከብ ነው፣ ስሟ ኦጋሳዋራ ማሩ። ድፍን 24 ሰዓት ትጓዛለች። ሰው ከሚበዛበት ወቅት በስተቀር በስድስት ቀን አንዴ ገደማ ነው የምትነሳው።

የሚገርመው፣ በአስተዳደር ደሴቶቹ የቶኪዮ ናቸው። እዚያ የምታዩት መኪና ታርጋው ሺናጋዋ ይላል፣ የቶኪዮ ታርጋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልዩ ፈቃድ ምናምን አያስፈልግም። ጃፓን የገባ ሰው ትኬት ቆርጦ መሳፈር ነው። ፈተናው ቀን ማገጣጠሙ ላይ ነው፤ አለቃችሁ መርከቧ ናት፣ ቪዛውም በረራውም ከሥራ የምትወስዱት ፈቃድም ለሷ ነው የሚታዘዘው።

መጀመሪያ የመርከቧን ካላንደር አውጡ

ሰው ብዙ ጊዜ በረራ ቆርጦ ነው ሌላውን የሚያስበው። እዚህ ግልብጡ ነው። የመርከብ ድርጅቱ የመነሻ ቀኖቹን አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። እሱን ከፍታችሁ አንድ ዙር ምረጡ።

የተለመደው ዙር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በጃፓን ሰዓት 11፡00፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ቶኪዮ ከሚገኘው ታኬሺባ ወደብ ትነሳላችሁ። በማግስቱ ልክ በዚያው ሰዓት ቺቺጂማ ፉታሚ ወደብ ትደርሳላችሁ። መርከቧ እዚያው ቆማ ትጠብቃችኋለች፤ ሦስት ሌሊት ታድራላችሁ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በ9 ሰዓት፣ በጃፓን 15፡00፣ ትመለሳለች፣ በስድስተኛው ቀን በ9 ሰዓት ቶኪዮ ናችሁ። በአጠቃላይ ስድስት ቀን፤ ሁለት ሌሊት መርከብ ላይ፣ ሦስት ሌሊት ደሴት ላይ። ሦስት ሌሊት አነሰኝ የሚል ሰው አንድ ቀን መጨመር አይችልም። የሚቀጥለውን መርከብ መጠበቅ ነው፣ እሱም ሌላ ስድስት ቀን ማለት ነው። መካከለኛ መንገድ የለም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በበጋቸው፣ በተለይ ጁላይና ኦገስት ላይ፣ መርከቧ ቶሎ ቶሎ ስለምትመላለስ የደሴት ቆይታው ከላይ ካልኩት ሊለይ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለጥገና ትገባለች። ያን ጊዜ ለሳምንታት መርከብ የሚባል አይኖርም። ካላንደሩ ላይ ባዶ ሆኖ የምታዩት ቦታ እሱ ነው።

ስድስት ቀን ለመስጠት ካልቻላችሁ ተዉት። በአንድ ሳምንት ፈቃድ ኪዮቶንም ኦሳካንም ኦጋሳዋራንም ልይ የሚል ሰው መጨረሻው ሁሉንም ሳያይ መመለስ ነው።

በየትኛው ወር?

ምን ለማየት እንደምትሄዱ ይወስነዋል። ዓሣ ነባሪ ከሆነ ሃምፕባክ የሚባሉት ግዙፎቹ ለመውለድና ለመራባት ከዲሴምበር እስከ ሜይ ድረስ እዚያ ይከርማሉ። ፌብሩዋሪ፣ ማርችና ኤፕሪል ደህናው ጊዜ ነው። በነዚህ ወራት ጀልባ ሳትሳፈሩ ከኮረብታ ላይ ቁጭ ብላችሁም ሲዘልሉ ታያላችሁ። ጃፓን ውስጥ ዓሣ ነባሪን ለጉብኝት ማሳየት የተጀመረውም እዚሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988። ስፐርም የሚባለው፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚያድነው ዝርያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ በተለይ ከበጋ እስከ መጸው። ዶልፊን ወቅት አይጠብቅም።

ለመዋኘት ከሆነ በጋው ነው። ያኔ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች አሸዋው ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ችግሩ አውሎ ነፋስ ነው፣ ታይፉን የሚሉት። በጋና መጸው ላይ ይመጣል፣ ሲመጣ የመርከቧን መነሻ ያዛባል። በክረምታቸው፣ በብርዱ ወራት፣ ባሕሩ ሻካራ ነው፣ መርከቧ ትናጣለች። እኔን ብትጠይቁኝ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ። ዓሣ ነባሪዎቹ ገና አልሄዱም፣ ብርዱም አልፏል፣ የታይፉን ወቅትም አልገባም።

ቪዛና በረራ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጃፓን ቪዛ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ነው የሚሰጠው። ባሕረ ሰላጤው አገር የምትሠሩ በምትኖሩበት አገር ያለውን ኤምባሲ ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዛችሁ ድረስ የዱባይ ወይም የሪያድ መኖሪያ ፈቃድ ከቪዛ አያድናችሁም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው። የመርከብ ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ደግሞ ከመነሻው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ ተቻኩላችሁ ቪዛ ካወጣችሁ ጊዜው ይበላችኋል፣ ካዘገያችሁ ደግሞ መርከቧ ትሞላለች። ለኤምባሲው በምትሞሉት የጉዞ ዝርዝር ላይ ቺቺጂማ የምታድሩበትን ማረፊያ ስም ጻፉ። ሁለቱን ሌሊት ደግሞ መርከብ ላይ እንደምታድሩ በግልጽ አስፍሩ። ባዶ የተተወ ሌሊት ጥያቄ ያስነሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል ቶኪዮ ናሪታ ይገባል። ከመርከቧ መነሻ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። በመመለሻው ደግሞ መርከቧ ቶኪዮ ከምትገባበት ቀን በኋላ ሁለት ቀን ያህል ክፍት ተዉ። መርከቧ በማዕበል ብትዘገይ አየር መንገዱ አይጠብቃችሁም።

ትኬትና ማረፊያ አንድ ላይ

ይህን አስምሩበት፦ ማረፊያ ሳትይዙ መርከብ አትሳፈሩ። ቺቺጂማ ላይ ድንኳን መትከልም፣ ሜዳ ላይ ማደርም፣ መኪና ውስጥ መተኛትም ክልክል ነው። እዚያ ደርሼ እፈልጋለሁ የሚባል ነገር የለም፤ ክፍል ሞልቶ ቢቀር መመለሻ መርከብ እንኳ የምታገኙት ከቀናት በኋላ ነው። ብዙዎቹ ማረፊያዎች ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። እንግሊዝኛው እምብዛም ስለሆነ በኢሜይል አጭርና ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ። መርከቧንና ማረፊያውን አንድ ላይ በጥቅል የሚሸጡ የጉዞ ወኪሎችም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ጥቅሉ ራስ ምታት ይቀንሳል።

መርከቧ ላይ ብዙ ማዕረግ አለ። ርካሹ ሁለተኛ ማዕረግ ነው፣ እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወለል ላይ የሚተኛበትና ተደራራቢ አልጋ ያለው። ከዚያ በላይ መጋረጃ ያለው የተሻለ አልጋ፣ ከዚያም የግል ክፍሎች እያለ ይወጣል። ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ነዳጁ ይለዋወጣል። በቅርብ ዓመታት የሁለተኛ ማዕረግ የአንድ መንገድ ትኬት 30 ሺህ የን አካባቢ ነው። ምርጥ የሚባለው ክፍል የዚያን ብዙ እጥፍ ነው።

ወለሉን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ ክፍል ነው። ቁጥር የተጻፈበት ጠባብ ቦታ ይሰጣችኋል፣ እዚያ ላይ የሚታጠፍ ስስ ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አለ። ጎናችሁ የማታውቁት ሰው ይተኛል፣ በመሀላችሁ ያለችው ከራስጌ የምትቆም ትንሽ መከለያ ብቻ ናት። ጫማ ከክፍሉ መግቢያ ላይ ይወልቃል። ሴቶች ብቻ የሚተኙበት ክፍል አለ፣ ስትይዙ ጠይቁ። የሚያስገርመው ለባሕር ሕመም ወለሉ ከአልጋው ይሻላል፤ ወደ ታች በወረዳችሁና ወደ መርከቧ መሀል በተጠጋችሁ ቁጥር ንውጥውጡ ይቀንሳል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን ለአልጋው ጨምሩ። አንድ የሚያንኮራፋ አይጠፋም።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባና የማይገባ

ቋንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ጃፓን ማንኛውንም የሥጋ ውጤት በሻንጣ አታስገባም፣ ደብቃችሁ ከተገኘ ጣጣው ከባድ ነው። እናት በፍቅር ብታሽግላችሁም ቤት ተዉት።

የባሕር ሕመም ኪኒን ቶኪዮ ከፋርማሲ ግዙ፣ የሚዋጠውም ከመነሳት በፊት ነው። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ኪኒኑ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጥሬ ገንዘብ በየን ያዙ። ካርድ የሚቀበሉ ሱቆች ቢኖሩም ትንንሾቹ ማረፊያዎችና አስጎብኚዎች ጥሬውን ይመርጣሉ። ቺቺጂማ ፖስታ ቤት ያለው ኤቲኤም አለ፣ ግን እንደ ቶኪዮ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ። ሞተር ወይም መኪና መከራየት የምትፈልጉ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መያዝ አለባችሁ። ጃፓን የሌላውን አትቀበልም። ለሞተር ደግሞ የሞተር ምድብ የተፈቀደበት መሆኑን እዩ።

የጉዞ መድን ግቡ፣ ይሄ ለወግ አይደለም። ደሴቶቹ ላይ ያለው ክሊኒክ ነው። ከበድ ያለ ሕመም ሲያጋጥም በሽተኛው በጃፓን የመከላከያ ኃይል አውሮፕላን ወደ ቶኪዮ ይወሰዳል፣ እሱም ሰዓታት ይፈጃል። የዘወትር መድኃኒት ያላችሁ መርከቧ ብትዘገይ የሚበቃችሁን ጨምራችሁ ያዙ።

የመነሻ ቀን

ጄአር ከሚባለው ባቡር ሃማማትሱቾ ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ አሥር ደቂቃ እንኳ አትሄዱም፣ ታኬሺባ ወደብ ናችሁ። ዩሪካሞሜ የሚባለው ባቡር ደግሞ ታኬሺባ የሚል የራሱ ጣቢያ አለው። መርከቧ ከመነሳቷ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከመግባታችሁ በፊት በአቅራቢያው ካለ ሱቅ ለምሳና ለእራት የሚሆን ገዛዝቶ መያዝ ያዋጣል። መርከቧ ላይ ምግብ ቤትም ትንሽ ሱቅም የመጠጥ ማሽንም አለ፣ ግን ምርጫው ውስን ነው። የፈላ ውሃ ታገኛላችሁ፣ ሻወርም አለ።

ለጾመኞች አንድ ነገር። የጃፓን ምግብ አትክልት ብቻ ቢመስልም ሾርባውና ስጎው በአብዛኛው ከደረቅ ዓሣ የተቀዳ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። የማትበሉ ከሆነ ግን ለማረፊያው ቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ወይም ማብሰያ ያለው ቤት ያዙ። ሩዝ፣ ቶፉና ፍራፍሬ ደሴቷ ሱቅ ላይ ይገኛል። ሐላል ሥጋ እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

መርከቧ በሬይንቦው ድልድይ ሥር አልፋ የቶኪዮን ወሽመጥ ትለቃለች። እስከዚያ ድረስ ውሃው ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል። ከወሽመጡ ስትወጡ መወዛወዙ ይጀምራል፣ ኩሮሺዮ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ጅረት በምታቋርጡበት ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እራታችሁን ቀደም አድርጉ፣ ትንሽ ብሉ፣ ተኙ። ለመልእክት የምትቸኩሉ ከወሽመጡ ሳትወጡ ላኩ፤ ከዚያ በኋላ ስልካችሁ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ አንድ ቀን ላልገኝ እችላለሁ ብላችሁ ተናገሩ።

ጠዋት ስትነሡ ወደ ላይኛው ወለል ውጡ። ለመድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀር የሙኮጂማ ደሴቶች ብቅ ይላሉ። ቡቢ የሚባሉ ትልልቅ የባሕር ወፎች ከመርከቧ ጎን ጎን ይበራሉ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? መርከቧ ያስደነገጠቻቸው በራሪ ዓሦች ከውሃው ሲወረወሩ ወፎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ቁልቁል ይወርዱባቸዋል። ቁርሳችሁን ይዛችሁ እሱን እያያችሁ ብትደርሱ ሰዓቱ አይታወቃችሁም።

ደርሳችሁ፦ የመጀመሪያው ከሰዓት

ወደቡ ላይ ባለ ማረፊያዎቹ የቤታቸውን ስም የጻፉበት ሰሌዳ ይዘው ይጠብቃሉ። የናንተን ፈልጉ። ኦሙራ የሚባለው ዋናው መንደር እዚያው ወደቡ አጠገብ ነው፤ ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የጉብኝት ማዕከሉ ሁሉ በእግር ነው።

ሻንጣ ጥላችሁ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ የሚቀጥሉትን ቀናት ጉብኝት ማረጋገጥ ነው፣ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ደግሞ መያዝ። አብሯችሁ የመጣው መርከብ ሙሉ ሰው ያንኑ ነው የሚያስበው። ከዚያ ሱቅ ግቡ። ለደሴቷ ወተቱም አትክልቱም የሚመጣው በዚያችው መርከብ ነው። መርከብ በገባበት ዕለት መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ።

ለምሽቱ ሚካዙኪያማ የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ዌዘር ስቴሽን የተባለ መመልከቻ ይበቃችኋል። ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ የሚታይበት ቦታ ነው፣ በወቅቱ ደግሞ የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከሩቅ ሲረጭ ይታያል።

ጫማችሁን አራግፉ

ይህን ክፍል ዘልላችሁ እንዳታልፉ። ደሴቶቹ ከአህጉር ጋር ተያይዘው አያውቁም። እዚያ የደረሰ ነገር ሁሉ በነፋስ፣ በክንፍ ወይም በሞገድ ነው የደረሰው፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለብቻው ተለውጦ ሌላ ቦታ የሌለ ዝርያ ሆኗል። ከመሬት ቀንድ አውጣዎቹ ከ90 በመቶ በላይ እዚያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ የመዘገባቸውም ለዚሁ ነው።

ጠላታቸው በጫማ የሚገባ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ጠፍጣፋ ትል ቺቺጂማ ላይ ቀንድ አውጣዎቹን እየበላ ጨርሷቸዋል ማለት ይቻላል። ሃሃጂማ ግን አልገባም። ስለዚህ ወደ ጫካ በሚገባ መንገድ አፍ ላይ ሁሉ አንድ ትንሽ ጣቢያ ታገኛላችሁ፤ ብሩሽ፣ የሚያጣብቅ ሮለርና አቼቶ ያለበት መርጫ ተቀምጧል። በብሩሹ ከጫማችሁ ሶል ስንጥቅ ውስጥ ጭቃውን ፈልቅቁ። በሮለሩ ሱሪያችሁንና ካልሲያችሁን አሽከርክሩ፣ ዘር ይለቅማል። አቼቶውን ሶሉ ላይ ርጩ፣ ትሉን የሚገድለው እሱ ነው። የቦርሳችሁን ኪስና የቬልክሮ ማሰሪያችሁንም እዩ፤ ዘር የሚደበቀው እዚያ ነው። ሁለት ደቂቃ ነው። ጫማችሁን ገና ቤታችሁ ሳላችሁ አጥባችሁ ብትመጡ ደግሞ ይቀላል።

ሰዎቹ ነገሩን ምን ያህል እንደያዙት ከድመቶቹ ታውቃላችሁ። ጫካ የገቡ የዱር ድመቶች እዚያ ብቻ የሚኖረውን ቀይ ራስ የጫካ እርግብ ሊያጠፉት ደርሰው ነበር። ድመቶቹን መግደል አልፈለጉም። በወጥመድ እየያዙ በዚያችው መርከብ ወደ ቶኪዮ ይልኳቸዋል፣ እዚያ የእንስሳት ሐኪሞች አላምደው ለሰው ቤት ይሰጧቸዋል። እርግቡም መልሶ እየበዛ ነው። ስትመለሱ ከናንተ ጋር አንድ ድመት ልትሳፈር ትችላለች ማለት ነው።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንደምታውሉት

አንዱን ሙሉ ቀን ለባሕር ስጡ። የቀን ጀልባ ጉብኝት ከ10 ሺህ የን ከፍ ይላል። ዶልፊን ፍለጋ፣ በወቅቱ ዓሣ ነባሪ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ሚናሚጂማ የምትባለው ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ መውረድ አለበት። ሚናሚጂማ ላይ በቀን ከ100 ሰው በላይ አይገባም። ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፣ አንድ አስጎብኚ ከ15 ሰው በላይ አይዝም፣ ቆይታውም ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። በብርዱ ወቅት ሣሩ እንዲያገግም ለተወሰኑ ወራት ትዘጋለች። ስትወርዱ የአስጎብኚውን እግር ተከተሉ፣ መንገዱ በድንጋይ ተለይቷል። ኮረብታውን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ድንጋዩ በቅስት ተፈልፍሎ ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ነጭ አሸዋ ያለው ኩሬ ታያላችሁ። አሸዋው ላይ የተበተነው ነጭ ዛጎል ከምድር ከጠፋ የቀንድ አውጣ ዝርያ የቀረ ነው። ማንሳት ይቻላል፣ ኪስ መክተት ግን ክልክል ነው።

ዋና የማትችሉ አትፈሩ፣ ከጀልባው ሳትወርዱም ብዙ ታያላችሁ። ግን ለባለ ጀልባው ንገሩት። እችላለሁ ብሎ ዝም ማለት ፓስፊክ ላይ አያዋጣም።

ሁለተኛውን ቀን ለእግር። ሃርት ሮክ የሚሉት፣ ከባሕር ሲታይ ቀይ የልብ ቅርጽ ያለው ገደል አለ። ወደ አናቱ የሚወስደው የሙሉ ቀን ጉዞ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ የሚፈቀድ ነው፣ ጫካው የተጠበቀ ስለሆነ። በእግሬ ብቻዬን ልሂድ ለሚል ክፍት የሆኑ አጫጭር መንገዶች ሞልተዋል፤ ናጋሳኪ የሚባለው መመልከቻ ከነሱ አንዱ ነው፣ አኒጂማ በምትባለው ጎረቤት ደሴትና በቺቺጂማ መሀል ያለውን ሰማያዊ ሰርጥ ከላይ ያሳያል።

ሦስተኛውን በሞተር ወይም በአውቶቡስ ለብቻችሁ ዙሩ። የመንደሩ አውቶቡስ እስከ ኮሚናቶ ባሕር ዳርቻ ድረስ ይወስዳል። በመንገዱ ላይ ሳካይኡራ የሚባል ዳርቻ አለ። ከአሸዋው ትንሽ ገባ ብሎ የዛገ የመርከብ ብረት ከውሃው ወጥቶ ይታያል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመታ ነው። ዙሪያውን ዓሣ ሞልቶበታል፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ የሚዋኙበት ቦታ ነው፤ ብረቱ ስለታም ነውና አትጠጉት።

ያ ብረት የደሴቶቹን ታሪክ ግማሽ ይናገራል። እ.ኤ.አ. እስከ 1830 ድረስ ቋሚ ነዋሪ አልነበራቸውም። ያን ዓመት ከሃዋይ የተነሡ ጥቂት አሜሪካውያን፣ አውሮፓውያንና የፓስፊክ ደሴት ሰዎች መጥተው ሰፈሩ። ጃፓን በይፋ የያዘችው በ1876 ነው። በ1944 ጦርነቱ ሲቃረብ 6,886 ነዋሪ ወደ ዋናው ጃፓን በግድ ተወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ሲያስተዳድሩት የምዕራባውያኑ ተወላጆች ብቻ እንዲመለሱ ተፈቀደ፣ ለጃፓን የተመለሰው በ1968 ነው። መንደሩ ውስጥ የውጭ አገር የቤተሰብ ስም ያለው ጃፓናዊ ብታገኙ ምክንያቱ ይሄ ነው። የት አገር ነህ ብላችሁ አታድርቁት፤ እዚያው ተወልዶ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ የሌሊት ጉብኝት አለ። ትልልቅ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች፣ እርጥበት ሲኖር በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩ ትንንሽ እንጉዳዮች ይታያሉ። በኤሊ ወቅት አሸዋው ላይ ባትሪም የስልክ መብራትም አታብሩ። ኤሊዋ ደንግጣ ሳትወልድ ትመለሳለች፣ ጫጩቶቹም በመብራት ተታለው ከባሕሩ ይርቃሉ።

ሃሃጂማ? ሃሃጂማ ማሩ የምትባል ትንሽ መርከብ በሁለት ሰዓት ታደርሳለች። ጸጥታና ወፍ ለሚወድ ናት። ሜጉሮ የምትባል ቢጫ ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው እዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ጫማ እንደገና ይጸዳል፣ ለትሉ ሲባል። በሦስት ሌሊት ሁለቱንም ደሴት በደንብ አያለሁ ማለት ግን ሩጫ ነው። ምረጡ።

መብላት፣ ከዚያም ቡና

ሺማዙሺ የሚባለውን የደሴት ሱሺ ሞክሩ። ዓሣው በሶያ ሶስ ተዘፍዝፎ ይቀርባል፣ ዋሳቢ ሳይሆን ሰናፍጭ ነው የሚደረግበት። ሰናፍጭ ለለመደ የኛ ሰው አፍንጫ የሚሰነፍጥ አይደለም። የፓሽን ፍሬውና ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ሩማቸውም ስም አላቸው። የባሕር ኤሊ ሥጋም ይበላል። በዓመት የሚያዘው በቁጥር የተወሰነ ነው፣ የቆየ ባህላቸው ነው። ብዙዎቻችን የምንቀምሰው አይመስለኝም፣ ግን ምናሌው ላይ ስታዩት ፊታችሁን አታጨማድዱ።

ቡና አለ። እ.ኤ.አ. በ1878 ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና በሙከራ የተተከለው ኦጋሳዋራ ላይ ነው። ዛሬም ቺቺጂማ ላይ በትንሹ ይለማል፤ እርሻውን አስጎብኝቶ የሚያጠጣ አለ፣ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ምርቱ ጥቂት ስለሆነ ውድ ነው። ከኢትዮጵያ ነው የመጣነው ስትሉ ጨዋታው ራሱ ይከፈታል፣ እናንተም መልስ አዘጋጁ፣ ስለ ቡና የሚጠይቋችሁ ብዙ ነው። ትንሽ የተቆላ ቡና ይዞ መሄድ ጥሩ ስጦታ ይሆናል።

መመለሻው

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከማረፊያው ትወጣላችሁ፣ መርከቡ ግን በ9 ሰዓት ነው። ሻንጣ የሚያስቀምጡላችሁ መሆኑን ጠይቁ። የተከራያችሁትን ሞተር ነዳጅ ሞልታችሁ በጊዜ መልሱ፣ በዚያ ቀን ሁሉም ሰው የሚመልሰው አንድ ላይ ነው።

መርከቧ ስትነሳ ክፍላችሁ አትግቡ። ወደቡ ላይ ከበሮ ይመታል፣ ሰዉ እጁን ያውለበልባል። የደሴቷ ትንንሽ ጀልባዎች መርከቧን ከግራና ከቀኝ አጅበው ይሮጣሉ፣ ከዚያ ጀልባው ላይ ያሉት አንድ በአንድ ባሕር ውስጥ እየዘለሉ ይሰናበታሉ። ቦታ ቶሎ ያዙ፤ ከወደቡ ስትርቁ ጀልባዎቹ ከሁለቱም ወገን ስለሚመጡ ከኋላ በኩል መቆም ይሻላል። ኪኒኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ፣ በዚያ ግርግር ይረሳል።

በማግስቱ በ9 ሰዓት ታኬሺባ ስትወርዱ መሬቱ ለጥቂት ሰዓታት የሚወዛወዝ ይመስላችኋል፣ ያልፋል። ሃማማትሱቾ ላይ ወደ ሃኔዳ የሚሄደው ሞኖሬይል አለ፣ ወደ ናሪታ ግን መንገዱ ረዘም ይላል። ማረፊያችሁን እዚያው ሃማማትሱቾ አካባቢ ብትይዙ ያንን ምሽት ሻንጣ ከመጎተት ታርፋላችሁ።